እጄን ሳነሳ የምታቆም ሐኪም

ለእትዬ ድሪና፣

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ያ ወገብሽ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ቆመሽ ስትውዪ ዛሬም ይነዝርሻል ወይስ ብርዱ ሲያልፍ ተወሽ? የእማማ ዓይንስ እንዴት ሆነ? ጠብታውን ስታደርጊላት እንደ ልማዷ "ጉንጬን አጠብሽው እንጂ ዓይኔን መች አገኘሽው" እያለች ታስቸግርሻለች? ባለቤትሽ ፍሪክ ደህና ነው? መንትዮቹስ? ዋልቪስ ቤይም እንደኛው የጉም አገር ነውና ሳስባችሁ ሁልጊዜ በነጭ ነገር ተሸፍናችሁ ነው የምትታዩኝ። አንዳንድ ጠዋት በር ከፍቼ ስወጣ ከዚያ ከነጩ ወዲያ የምትቆሚ ይመስለኝና ልጠራሽ አፌን ከፍቼ እመልሰዋለሁ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይቺን "ደህና ነን" የምትባል ቃል ዛሬ በእውነት ነው የጻፍኳት። ከአንድ ወር በፊት ብጽፍልሽ ኖሮ ውሸት ትሆን ነበር፤ በስልክም ስዋሽሽ ነው የከረምኩት። በስልክ ለመናገር አፍሬ ነው ወረቀት ያነሳሁት፤ ደግሞ ነገሩ ረጅም ነው። አረፍ ብለሽ አንብቢው።

ባሌ ዳዊ እንደምታውቂው ባሕሩ ሲተኛ ይሄዳል፣ ባሕሩ ሲቆጣ ቤት ይውላል። ዘንድሮ ባሕሩ ብዙ ተኛ። የአልማዝ ጠጠር ፍለጋ ሲጠልቅ ሰንብቶ ቤት ሲመጣ ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮው አይሰማም፤ ልጆቹ ሲያወሩት ፈገግ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኛም የባሕሩን ጠባይ ተከትለን እንኖራለን። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ሲያልቅ ጠረጴዛውን እጠርግና የድስት ክዳን በማንኪያ እመታለሁ፤ ያ ደወላችን ነው። ያን ጊዜ ኩሽናው ትምህርት ቤት ይሆናል። ኤልሪኮ አሥራ ሁለት ሞላው፤ ባሕሩ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚሞላና እንደሚጎድል በደብተር ይመዘግባል፣ እኔ ስሳሳት ያርመኛል፣ ደግሞ ደስ ይለዋል። ዘልዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ንባብ ላይ አንደኛ፣ ቁጥር ላይ ቀልደኛ። ፒኪ አምስት ዓመቱ ሲሆን ተማሪ ነኝ ብሎ እግሩን እያወዛወዘ ይቀመጣል። ባለፈው "እማ፣ ጉሙ ማታ የት ነው የሚተኛው?" አለኝ። "ባሕሩ ላይ" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ታዲያ ማን ያለብሰዋል?" አለኝ። ይኸን የመሰለ ጥያቄ ስሰማ የሚከፈለው ደመወዝ ሁሉ የተከፈለኝ ይመስለኛል።

ሰው ግን ያማኛል። ባለሱቋ ሚስስ ሳል ዱቄት ስትመዝንልኝ "ማግሪት፣ ዶሮም እኮ ጫጩቶቿን አንዳንዴ ትለቃለች" አለችኝ። "ጭልፊቱን ያየች ዶሮ አትለቅም" አልኳት። ሳቀች፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ግን አላወቀችም። አንቺ ታውቂዋለሽ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወደዚህ ወደ ግራውባይ መምጣት ሲያቆም ልጆቼ አዳሪ ቤት ይግቡ ተባለ። እኔና አንቺ በአዳሪ ቤት አልጋ ላይ ያደግን ነን። ፒኪን በዚያ በረጅሙ ክፍል ውስጥ፣ ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ በተጻፈበት ብርድ ልብስ ሥር ተኝቶ አሰብኩትና አይሆንም አልኩ። የምዝገባ ወረቀቱን ሞላሁ፣ መጻሕፍቱን አስመጣሁ፣ እነሆ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ከዚያ ቤት ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር እትዬ። ግን አንድ ነገር በኪሴ ይዤ ወጥቼ ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ማግስት ነው። በስተቀኝ በኩል ከታች ያለችው መንጋጋዬ ሻይ ስጠጣ ጠዘጠዘችኝ። አንድ ሳምንት በግራ አላመጥኩ። ከዚያ ቅርንፉድ ያዝኩባት፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ዳዊ ለገና ያስቀመጣትን ብራንዲ በጥጥ። የደረቀ ዓሣ ተውኩ። ዳቦ በሮይቦስ ሻይ እየነከርኩ መብላት ጀመርኩ። ዳዊ ከባሕር ሲመለስ ጉንጬን አየና "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ነፋስ ገባኝ" አልኩት። በሚቀጥለውም መጥቶ ጠየቀኝ፤ በሚቀጥለውም። በሦስተኛው "ሦስት ወር የሚነፍስ ነፋስ እኔ በባሕር ላይም አላየሁ" አለ። "እንግዲህ የኔው ነፋስ ነው፣ ተወኝ" አልኩት። ወደ ሐኪም እንሂድ ሲለኝ የምሠራው ሥራ አላጣም። ዛሬ ፈተና አለ፣ ነገ ልብስ ማጠቢያ ቀን ነው፣ ከነገ ወዲያ ጉሙ ወፍሯል፣ መንገዱ አይታይም።

ያ ክረምት በምን እንዳለፈ አላውቅም። ሕመሙ እንደ እንቅልፍ አድርጎኝ ነበር። ሳስተምር ድምፄን ከሌላ ክፍል እሰማዋለሁ። ሳሸልብ ሁልጊዜ አንድ ሕልም አያለሁ፦ ጥርሶቼ አንድ በአንድ ያለ ሕመም ይወልቁና መዳፌ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዳዊ ከውኃ ሥር የሚያመጣቸውን ጠጠሮች ይመስላሉ፤ ወደ ብርሃን ሳቀርባቸው በውስጣቸው ትንንሽ መስኮቶች አሏቸው፤ በመስኮቶቹ ሰዎች እየተያዩ ዝም ይላሉ። ከዚያ ማዕበል ይመጣል። እማማ "ጥርስ በሕልም ሲወልቅ ዘመድ ይሞታል" ትል የለ? ለዚያ ነው በዚያ ሰሞን በጠዋት እየደወልኩ "ሁላችሁም አላችሁ?" ስልሽ "ምን ነካት ይቺ ልጅ" ያልሽኝ።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። አንቺ ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም፤ ተነጋግረንበት አናውቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ ሦስት። ያ የጥርስ ሐኪሙ ነጭ መኪና አዳሪ ቤቱ ግቢ ቆሞ ልጆች ሁሉ ተሰለፉ። ከፊቴ ያሉት እያለቀሱ ይወጣሉ፣ ጥጥ ነክሰዋል። ሰውየው መርፌውን ወጋኝና ሳይደነዝዝልኝ በጉጠት ያዘኝ። "ያመኛል" አልኩት። "አያምሽም" አለኝ። እትዬ፣ እኔን ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ስወራጭ የአዳሪ ቤቷ እመቤት "እህቷን ጥሩልኝ" አለች። አንቺ መጣሽ። እጆቼን ያዝሽ። ሁለት ጥርስ ነቀለ። ስጮህ አላቆመም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐኪሙን የፈራሁ ይመስለኝ ነበር። ልክ ነው፣ ፈርቼዋለሁ። ግን ከዚያ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ አንቺን ተቀይሜሽ ኖሬያለሁ። ሳላውቀው። ሠርጌ ላይ እጄን ስትይዢኝ ድንገት የነጠቅኩሽ ለዚያ ነው። "እጅሽ ቀዘቀዘኝ" አልኩሽ እንጂ እጅሽስ ቀዝቃዛ አልነበረም።

በጁላይ መጨረሻ አንድ ቀን ከዘልዳ ጋር ክፍልፋይ እየሠራን ነበር። ዳቦውን ለአራት ቆርጬ "ከአራቱ ሦስቱን ብትበዪ ስንት ይቀራል?" አልኳት። "አንዱ፤ እሱንም ፒኪ ይሰርቀዋል" አለችኝ። ሳቅን። ስትስቅ ከአፏ የቅርንፉድ ሽታ መጣ። መጀመሪያ የራሴ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አየኋት፤ ቁራሿን በስተግራ በኩል ብቻ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ቀስ ብላ ታላምጣለች። ልክ እንደኔ።

"አፍሽን ክፈቺ እስቲ" አልኳት። ጨፈነችው።

"ዘልዳ፣ ጥርስሽን ያምሻል?"

"ነፋስ ገብቶኝ ነው" አለችኝ።

እንዴት እንደሆንኩ ልነግርሽ አልችልም። "ይኸን ከማን ተማርሽ?" አልኳት፤ የሞኝ ጥያቄ። ልጅቷ በዚህ ዓለም ከኔ በቀር አስተማሪ የላትም። "ካንቺ" አለችኝ፤ በክፉ ሳይሆን፣ ትክክለኛ መልስ እንደሚመልስ ተማሪ። ኤልሪኮም ከደብተሩ ቀና ሳይል "የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ ላይ ምዕራፍ ስድስትንም ዘለልሽው እኮ። በልብስ መቆንጠጫ ይዘሽዋል" አለ። እውነቱን ነው። ምዕራፍ ስድስት ስለ ጥርስ ነው፤ ሥዕሉን ማየት ስላልቻልኩ ገጾቹን አንድ ላይ ቆንጥጬ "ይኸን ሌላ ጊዜ" ብያቸው ነበር። ማንም አልጠየቀኝ፤ ሁሉም ግን አይቷል።

በዚያው ሳምንት ስፕሪንግቦክ ከተማ ላለችው የጥርስ ሐኪም ስልክ ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ለሁለታችንም። ዳዊ አልጠየቀኝም፤ ፒካፑን ነዳጅ ሞልቶ አዘጋጀ። ዳገቱን ወጥተን ከጉሙ ስንወጣ ፀሐይ ድንገት ወረደብን፤ ሜዳው በቢጫና በብርቱካናማ አበባ ተጥለቅልቋል። ፒኪ "መሬቱ ተቃጠለ!" ብሎ ጮኸ። እኔ አበባውን ሳይሆን የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን ነበር የምቆጥረው፤ ስንት እንደቀረኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ሽታው አልተለወጠም እትዬ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም፤ እግሬ ብቻውን ዞረ። መኪናው ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ልጆቹ ተከትለውኝ መጡ። "ሐኪሟ የለችም፤ ሌላ ቀን ኑ ተባልን" አልኳቸው። ዳዊ በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አስነሳ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ዘልዳ ከኋላ ቀስ ብላ "እማ፣ ሐኪሟ ነበረች። በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ" አለች።

ጉሙ ውስጥ እስክንገባ ድረስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ሄድኩ። ልጄ ዋሸሽ አላለችኝም፤ እንዳላፍር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ያ ነው የባሰብኝ።

በማግሥቱ ክዳኑን መታሁ። ሦስቱም ተቀመጡ። ዳዊም ባሕሩ ተቆጥቶ ስለነበር በሩ አጠገብ መረቡን እየጠገነ ቁጭ ብሏል። መጽሐፉን አወጣሁና መቆንጠጫውን አነሳሁ። "ዛሬ ምዕራፍ ስድስት ነው" አልኳቸው። ሥዕሉን አሳየኋቸው፣ ሥሩን፣ ነርቩን፣ ሁሉን። ከዚያ "ትናንት ዋሽቻችኋለሁ" ብዬ ያን የነጩን መኪና ታሪክ ነገርኳቸው። ኤልሪኮ ደብተሩን ዘጋ። ፒኪ ጭኔ ላይ ወጣ። ዳዊ መረቡን አስቀመጠ፤ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ይኸን ሰምቶት አያውቅም።

ዘልዳ "ያመኛል ስትዪው ሰውየው አላቆመም?" አለችኝ።

"አላቆመም።"

"ታዲያ ያመኛል ስንል የሚያቆም ሰው ለምን አንፈልግም?"

እትዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ይኸ ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ በአእምሮዬ አላለፈም። ደፋር መሆን አለብኝ እያልኩ ነበር ራሴን የምወቅሰው። እሷ ግን ድፍረት አላለችም፤ የሚያቆም ሰው አለች። ዳዊ ሳቅ አለና "እናቷን አይተህ ልጂቱን አግባ የሚባለው ለካ ተገልብጧል፤ ልጂቱን አይቼ ነበር እናቷን ማግባት የነበረብኝ" አለ። ያን ቀን ስልኩን አንስቼ እንደገና ደወልኩ። ሐኪሟን ራሷን አገናኙኝ፤ ዶክተር ቦይቱሜሎ ትባላለች፣ ከኔ ታንሳለች። "ከበርዎ ላይ የሸሸሁት ሰው ነኝ" አልኳት። "አውቃለሁ፤ ልጅዎ ቆንጆ ሹራብ ለብሳ ነበር" አለችኝ። ከዚያ የፈለግኩትን ነገርኳት። እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ቃል በቃል፦ "እጅዎን ሲያነሱ አቆማለሁ። ለምን እንዳነሱ አልጠይቅዎትም።"

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድን። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ፎቶ አነሳችኝ፣ በትንሽ መስታወት አየችኝ። ከሥሩ መግል ይዟል፣ መጀመሪያ መድኃኒት ይውሰዱ፣ በሳምንቱ ትነቀላለች አለች። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ስወርድ ፒኪ "አለቀ? ይኼው ነው?" ብሎ ቅር አለው። ዘልዳ ግን መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠይቃ አወቀች።

የመንቀሉ ቀን ዘልዳ ልግባ አለች፤ ሐኪሟም ፈቀደች። "የእማን እጅ ልያዝላት?" ብላ ጠየቀች። "እጄን አይሆንም" አልኳት፤ ከፋኝ እንደዚያ ማለቴ፤ እሷ ግን "እሺ፣ እግርሽንስ?" አለችና ጫማዬን አውልቃ ቁርጭምጭሚቴ ላይ መዳፏን አኖረች። መርፌው ሲገባ እጄን አነሳሁ። ቆመች። ጠበቀችኝ። አወረድኩ። እንደገና አነሳሁ፤ ቆመች። አራት ጊዜ አነሳሁ፣ አራቱንም ጊዜ ቆመች። አምስተኛውን የምር ታቆም እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው ያነሳሁት፤ ገባትና ከአፍ መሸፈኛዋ ሥር ሳቀች፤ ግን ቆመች።

ከዚያ ጉንጬ ደነዘዘ። የባሕሩ ጉም በመስኮት ገብቶ አፌ ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ድምፅ የሌለው። መብራቱ ከላይ እንደ ጨረቃ ተንጠልጥሏል። ከሩቅ የሆነ ነገር ሲገፋኝና ሲለቀኝ ይሰማኛል፤ እንደ ጀልባ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁሽ። እጆቼን ይዘሽ፣ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነው፣ የአዳሪ ቤቱ ቀሚስ ረዝሞብሻል። ፊትሽን ሁልጊዜ ረስቼው ነበር፤ እጆችሽን ብቻ ነበር የማስታውሰው። ያን ቀን ግን ፊትሽን አየሁት። ዓይኖችሽን ጨፍነሻል፣ እንባሽ አገጭሽ ላይ ደርሷል፣ ከንፈርሽ "ይቅር በዪኝ" እያለ ነው። እመቤቲቱ ከኋላሽ ቆማ ትከሻሽን በሁለት እጇ ጨምድዳለች። እትዬ፣ አንቺ አልነበርሽም የያዝሽኝ። ሁለታችንም ተይዘን ነበር።

"አለቀ" አለች ሐኪሟ። "ምኑ?" አልኩ፤ በደነዘዘ ከንፈር "ሙሙ" ነው የወጣው። ዘልዳ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፤ ከሕመም አይደለም። ዶክተሯ መሐረብ ሰጠችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥብ ጀመር። እንዳለቅስ ለቀቀችኝ።

ከዚያ ተራው የዘልዳ ሆነ። ወንበሩ ላይ እንደ ንግሥት ወጣች። የሷ የምትሞላ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። መሃል ላይ እጇን ከፍ አደረገች፤ ሐኪሟ ወዲያው አቆመች፤ እኔ ብድግ አልኩ። "አፍንጫዬን በላኝ" አለች። አከከችና "እሺ ቀጥዪ" ብላ ፈቀደችላት። ትዕዛዙ እንዴት እንዳማረባት ብታዪ!

ስንመለስ አፌ በጥጥ ተሞልቶ፣ ራሴን በመስኮቱ አስደግፌ፣ ያን አበባ አየሁት። በየተራ እየመጣ በየተራ ይሄዳል፤ ተኝቼ ነቃሁ፣ ነቅቼ ተኛሁ፤ የትኛው ሜዳ በሕልም የትኛው በውን እንደነበር እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ዳዊ በአንድ እጁ እየነዳ የማይሰማ ዘፈን ያንጎራጉራል። ልጆቹ ከኋላ ሐኪምና በሽተኛ ይጫወታሉ፤ ፒኪ በሽተኛ ሆኖ እጁን ሳያወርድ ቤት ደረሰ።

ድኛለሁ አልልሽም። ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ ባለፈው ሐሙስ ለመታየት ስመለስ ደጃፉ ላይ ቆም ብያለሁ። ግን ገባሁ። የተበላሸች ሌላ ጥርስ አለችኝ፤ በኖቬምበር ትሞላለች፤ ቀጠሮው በኤልሪኮ ደብተር ላይ ከባሕሩ ሰዓት ጎን ተጽፏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ባለፈው እሑድ አንቺ ሥራ ሳለሽ እማማ ስልኩን አንስታ ነበር። ጥርሴን መነቀሌን ስነግራት "እንግዲህ ለድሪና ንገሪያት" አለችኝ። ምኑን ስላት፣ ከጁን ጀምሮ ቀጭን ገንፎ ብቻ እንደምትጠጪ፣ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ እንደምትሸፍኚ፣ ፍሪክ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲልሽ ወገቤን ነው የሚያመኝ እንደምትዪው ነገረችኝ። ያን ጊዜ መንትዮቹ የተወለዱ ዕለት የተነሳችሁትን ፎቶ አወጣሁ፤ የእኔን ሠርግ፤ የእማማን ስድሳኛ ዓመት። ሁሉም ላይ አፍሽ ተሸፍኗል። እኔ የራሴን ጩኸት ብቻ ነበር የማውቀው እትዬ፤ ያን ጩኸት ቆመሽ የሰማሽው አንቺ እንደሆንሽ አላሰብኩም።

ስለዚህ እመጣለሁ። ዳዊን ጠየቅኩት፤ "ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ሂጂ" ብሎኛል። ልጆቹም አብረውኝ ናቸው፤ የኛ ትምህርት ቤት ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል፣ ደግነቱ ይኸ ነው። ኤልሪኮ መንገዱን በካርታ ለክቶታል። ዘልዳ የዋልቪስ ቤይ የጥርስ ሐኪሞችን ስልክ ከፍሪክ ተቀብላ አንድ በአንድ እየደወለች "ያመኛል ሲሉዎት ያቆማሉ?" እያለች ትጠይቃለች። ሁለቱ ስልኩን ዘጉባት። ሦስተኛው፣ አንድ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ በአርባ ዓመት ሥራዬ ይኸን የጠየቀኝ የለም። አዎ፣ አቆማለሁ" አላት። ቀጠሮ ይዛልሻለች፤ ኦክቶበር አሥራ አምስት፣ ማክሰኞ ጠዋት። እምቢ ብትዪም ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ማታ ደጃፍሽ ላይ ነን። ወንበሩ ድረስ አብሬሽ እገባለሁ፤ እጅሽን አልይዝም፣ ካላልሽኝ። ያመኛል ካልሽ ግን የሚያምንሽ አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ይኖራል።

እማማን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ "አፍ አውጥተሽ ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" በያት። ፍሪክን ስለ ስልኩ ቁጥሮች አመስግኚልኝ፣ ሰላምታዬም ይድረሰው፤ ምስጢር መጠበቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። መንትዮቹን ሄኖክንና ዮላንዳን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ዮላንዳ አልጋዋን ለዘልዳ ታዘጋጅላት። ጎረቤትሽን እትዬ ሳንናን ሰላም በዪልኝ። ዳዊ "በርቺ" ብሎሻል፤ ኤልሪኮ በአክብሮት፣ ፒኪ ደግሞ በመሳም ሰላም ይሉሻል። ዘልዳ የሐኪሙን ስልክ የጻፈችበትን የራሷን ወረቀት ጨምራለች፤ ቁጥሩ ተሳስቶ ከሆነ ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው።

ደህና ሁኚልኝ፣
እህትሽ ማግሪት

ግራውባይ፣ ናማኳላንድ
ሴፕቴምበር 18 ቀን 2019